አባቴ በምን ለብሶ ይግባ?

የምረቃው እራት ኮሚቴ የለጠፈውን ማስታወቂያ አያችሁ? «ወንድ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ሴት የእራት ቀሚስ» ይላል። እሺ፣ የደምበጫው አባቴስ? የእሱ የክት ልብስ የታጠበ ቁምጣና ነጭ ጋቢ ነው። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሽምግልና ይቀመጣል፣ ሰርግ ቤት ከፊት ይደረጋል። እኛ አዳራሽ ሲደርስ ግን ከበር ሊመለስ ነው! ጤፉን ሸጦ ያስተማረን ማን ሆነና?

«እንግዲያው ሁሉም የአገር ልብስ ይልበስ ተብሎ ይታወጅ» የሚሉም ተነሥተዋል። ቀስ በሉ ጎበዝ! በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ተማሪዎች በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት ሲቃወሙ፣ በባህል ስም ሴት ተማሪዎችን አዋክበዋል። ወንዶቹ የለበሱት ኮትና ሱሪስ የማን ባህል ነበር? ደግሞስ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚሳደብ አፍ ስለ ጥበብ ቀሚስ ባይሰብክ ምናለ!

ልብስ አይታወጅ ነው የምንለው። ማስታወቂያው ይነሣ። ኮሚቴው እምቢ ካለም፣ እኔ ለአንድ ማታ ብዬ ኮት አልከራይም፤ አባቴን ከነጋቢው ይዤ እመጣለሁ። በረኛው ይከልክለንና እንተያያለን።