ገንዘብ ብቻውን አያክምም

በ2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ሕግ ለገጠር ጤና በ5 ዓመት የሚከፈል 50 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፤ እኩሌታው ጥያቄያቸው ለተፈቀደላቸው ክፍላተ ግዛት እኩል ይታደላል። በየገጠሩ ሥራውን የሚፈጽሙት ግን ትንንሽ ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና ማኅበሮች ናቸው።

አንድ ሒሳብ ያዥ ብቻ ያለውን ክሊኒክ አስቀድመህ ከካዝናህ አውጣ፣ ኋላም የወረቀት ክምር አቅርብ ማለት ድጋፍ አይባልም፤ ያለ ተቆጣጣሪ መልቀቅም አስተዳደር አይደለም። ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጥ፤ ሪፖርቱ አጭር ይሁን፤ ተቆጣጣሪው በዓመቱ መጨረሻ ለወቀሳ ከመምጣት በመጀመሪያው ወር ለምክር ይሂድ። በጊዜው ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመልሶ ይወሰዳልና፣ የዘገየ ፊርማ ነፍሰ ጡሯን ከአዋላጅ ያርቃል። ነገ ከቢሮ ወንበር የምንቀመጥ ተማሪዎችም ይህን ከወዲሁ ልናስብበት ይገባል።