በርበሬ በዛላው፣ ቀረፋ በቅርፊቱ

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ የበርበሬዋን ነገር ለሌላ ሰው አምና የምትተው ባለሙያ ሴት ብዙ አትገኝም። ዛላውን መርጣ ትገዛለች፤ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ቀንጥሳ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ ታስፈጫለች። ለምን ተብላ ብትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፦ የተፈጨ ነገር ምን እንደገባበት አይታወቅም። ይህችው ጠንቃቃ ሴት ግን ለሻይ ወይም ለኬክ ቀረፋ ሲያስፈልጋት ከሱቅ መደርደሪያ በላስቲክ የታሸገ ቡናማ ዱቄት ታነሣለች። ማን ፈጨው? ከየት መጣ? የየትኛው ዛፍ ቅርፊት ነው? ጠያቂ የለም። ለበርበሬ የነቃው ጥንቃቄ ለቀረፋ ሲሆን የሚያንቀላፋበት ምክንያት ግን ከቶ አይታይም።

ስሙ ራሱ ምስክር ነው። ዐረብኛው «ቂርፋ» ትርጉሙ ቅርፊት ሲሆን፣ ሶማሊዎችም በዚያው ስም «ቆርፌ» ይሉታል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ደግሞ ቅመሙ በእነዚህ ወደቦች በኩል ይደርሳቸው ስለነበር የዛሬውን የሶማሊያ ጠረፍ የቀረፋ አገር አድርገው ቆጠሩት። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ዛፉ የእስያ ነውና። ሄሮዶቱስ ታላላቅ ወፎች በቀረፋ ጎጆ ይሠራሉ የሚል ወሬ መዝግቧል። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እንዲህ ያለው ተረት ዋጋ ለማስወደድ የተፈጠረ ነው ሲል አጋለጠ። ምንጩን የማይጠይቅ ገዢ ምንጊዜም ከዕቃው ጋር የሻጩን ተረት ይገዛል።

«ቀረፋ ያው ቀረፋ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። የስሪላንካው ቀረፋ እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ልጦች አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠቅልለውበት የሚታይ፣ በእጅ የሚሰበር፣ ለዳቦና ለወተት የሚስማማ ለስላሳ ቅመም ነው። የቻይናው፣ የኢንዶኔዥያውና የቬትናሙ «ካሲያ» ወፍራም፣ ጠንካራና ኃይለኛ ነው። ይህ ለመከለሻና ለፒላው ቢስማማ ነውር የለበትም። ነገር ግን ካሲያ ሲበዛ ጉበት ሊጎዳ የሚችል ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል፤ በስሪላንካው ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የኩማሪንን የዕለት ልክ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊግራም አድርጎ ወስኗል፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 1.5 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ሁለቱ ቅርፊቶች በዐይን ይለያሉ። ዱቄት ሲሆኑ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ በአሜሪካ፣ ቀረፋ የገባበት የተፈጨ ፖም የተመገቡ በርካታ ሕፃናት ደም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኘ። ከእርሳሱ ጋር ክሮሚየም መታየቱ ቅመም ለማድመቅ የሚጨመረውን ቢጫ ቀለም አስጠረጠረ። ቅርፊቱ የመጣው ከስሪላንካ፣ የተፈጨው በኢኳዶር ነበር። የኢኳዶር መርማሪዎች ያልተፈጨውን ቅርፊት ሲመረምሩ እርሳስ አላገኙበትም። እንግዲህ ጥርጣሬው ያረፈው በዛፉ ላይ ሳይሆን በወፍጮው ላይ ነው። በ2024ም የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እርሳስ ስለተገኘባቸው ሌሎች የተፈጨ ቀረፋ ምርቶች አስጠንቅቋል።

«ጊዜ የለም፣ ዱቄቱ ይቀላል» የሚለው ሰበብ ደካማ ነው። ለሻይ መፍጨት አያስፈልግም፤ አንድ ስባሪ ከቅርንፉዱ ጋር ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይጣላል። ለወጥም ቢሆን ቅርፊቱ እንዳለ ገብቶ ሲበስል ይወጣል። ለሚጋገር ነገር ደግሞ ሳሳ ያለውን ቅርፊት በደረቅ ምጣድ ሞቅ አድርጎ በሙቀጫ መውቀጥና በወንፊት መንፋት የአንድ ጀበና ቡና ያህል ጊዜ አይፈጅም። መዓዛውም ወራት ከቆየ ዱቄት ጋር የሚወዳደር አይደለም። እርግጥ ቅርፊት መግዛት ከእንከን ሁሉ አያድንም፤ ነገር ግን ቅርፊት ውስጥ ቀለምም ሆነ ባዕድ ዱቄት መደበቅ ዱቄት ውስጥ የመደበቅን ያህል አይቀልም።

ነጋዴውም ከዕዳ ነፃ አይደለም። «ቀረፋ» ብሎ ጽፎ ዝም ማለት በቂ አይደለም፤ የየትኛው ዛፍ ቅርፊት እንደሆነና አገሩ በመያዣው ላይ ይጻፍ። ገዢው ካልጠየቀ ግን ሻጩ በገዛ ፈቃዱ አይጽፍም። የዛላውን ጫፍ ይዛ ከነጋዴ ጋር የምትከራከረው ሴት፣ ያንኑ አንደበቷን ለቀረፋም ታውሰው።