ዜማና ግጥም በጉባኤ ስለ መማር

መዝሙር የሚደርስ ወይም ዘፈን የሚያወጣ ሰው ጥበቡን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወለድ ነው የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ይገኛል። ይህ አሳብ የዕውቀት ጠላት ነው፤ ስጦታው አለኝ የሚለውን እንዳይማር፥ የለኝም የሚለውንም እንዳይሞክር ያደርገዋልና።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ይህ የዜማ አባት በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ በአጎቱ በመምህር ጌዴዎን ተገርፎ ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለም አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ደጋግሞ ሲወድቅ በመጨረሻም ሲወጣ አይቶ ተመለሰ ይባላል። ታሪኩ ዘወትር ስለ ትዕግሥት ምሳሌ ሆኖ ይተረካል። ነገር ግን ልጁን ያባረረው ጅራፍ እንደ ነበረ፥ የመለሰውም መውደቅ ነውር አለመሆኑን በዓይኑ ማየቱ እንደ ሆነ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ግጥምና ዜማ እንዴት እንደሚለመድ ለማወቅ ወደ ባዕድ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የቅኔ ቤት አለ። ተማሪው አስቀድሞ ግሥ ያጠናል፤ ከዚያ በሁለት ቤት የምትቆመውን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ዘአምላኪየ፥ ሚበዝኁ፥ ዋዜማ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ለብቻው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን ማታ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩ የተሰበረውን ያቃናለታል፤ ባልንጀሮቹም ከጎኑ ሆነው ይሰማሉ፤ አንዱ ሲታረም ሁሉም ይማራሉ። ያማረ ሲሰማም «ይበል!» ይባላል። በዚያ ቤት ግልምጫና ፌዝ ከቶ የለም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ተማሪ በአንድ ቀን ሣቅ ምክንያት ቅኔን ትቶ ቀርቷል። ሊወረስ የሚገባው ሥርዐቱ እንጂ ፌዙ አይደለም።

የሕዝቡም ልማድ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልጆች በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ አንዱ ያወርዳል፥ የቀሩት ይቀበላሉ። በሠርግም በደቦም እንዲሁ ነው። ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ከተቀባዮች ጋራ ድምፁን ይደባልቃል፤ ሲለምድ አንዲት ስንኝ ይሞክራል፤ ቢሳሳት የተቀባዮቹ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት አውራጅ ይሆናል። አዝማሪም በመሰንቆው «ተቀበል» ሲባል ከተቀመጠው ሰው አፍ ግጥም ተቀብሎ ያዜማል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብቻውን የሚዘምር ሰው የለም።

የድምፅ ማጉያና መቅረጫ ከመጡ ወዲህ ግን ተቀባዩ ቀርቶ አውራጁ ብቻውን በመድረክ ላይ ቆመ። የዛሬው ወጣት ግጥሙን በቤቱ ዘግቶ ይጽፋል፥ በስልኩ ይቀርጻል፥ ለማንም ሳያሰማ ለሺሕ ሰው ይለቀዋል። የመጀመሪያው አራሚው የማያውቀው ሰው ስድብ ነው። ልቡ የጸናው ስድቡን ይለምዳል፥ ሳይታረምም ይቀራል፤ ልቡ ያልጸናው ደግሞ ዝም ይላል። ጉዳቱ በሁለቱም በኩል ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤቶች መዝሙር ላይ የሚነሣው ክርክር ከዚህ የመጣ ነው። አንዳንድ መዝሙር ከያሬድ ዜማ ወጥቶ ወደ ዘፈን ያዘነበለ መሆኑን ብዙ መምህራን ይናገራሉ፤ ወቀሳቸውም ዘወትር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መዝሙሩ ታትሞ በየቤቱ ከተሰማ በኋላ የሚመጣ ወቀሳ ደራሲውን ያሳፍረው እንደ ሆነ እንጂ ዜማውን አያርመውም። ያ ወጣት ገና ስንኙን ሲያስብ ሳለ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ምን እንደሆኑ በድምፁ የሚያሰማው አንድ መሪጌታ ከጎኑ ቢቀመጥ ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። ዘፈን ኃጢአት ነው ብለው የሚርቁ ካህናትም ቢሆኑ ከመዝሙሩ ጉባኤ የሚርቁበት ምክንያት የላቸውም።

ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ለሕዝብ መድረክ ሊተርፍ እንደሚችል ዮፍታሔ ንጉሤ ምስክር ነው። በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በትምህርት ቤት ልጆችን መዝሙርና ተውኔት አስተምሮ በሰው ፊት አቆመ። በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል የተሰማው የሕዝብ መዝሙር ግጥሙ የእርሱ፥ ዜማው የአርመኑ የኬቮርክ ናልባንድያን ነበረ። አንዱ ቃሉን አንዱ ዜማውን ይዞ ተገናኙ፤ ሁለቱም ብቻቸውን ቢሆኑ ያ መዝሙር ባልተገኘም ነበር።

እንግዲህ ጉባኤው ምን ይሠራል? ዐሥር ሰው የማይሞላ ቡድን በሳምንት አንድ ማታ ይገናኛል። ተራ የደረሰው ተነሥቶ ያላለቀውን ሥራ እንዳለ ያዜማል፤ ይቅርታ እየጠየቀ አይጀምርም። የሰሙት መጀመሪያ ልባቸውን የነካውን ቃል ይነግሩታል፤ ቀጥሎ የተሰበረበትን ቦታ ያሳዩታል። ለምሳሌ በወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየያዘ የሚሄደው ስንኝ አንድ ቀለም ሲጎድልበት ዘፋኙ ቃሉን ጎትቶ ይሞላዋል፤ ራሱ ግን አይሰማውም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት፥ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ዜማው የሚጠብቀውን ካላላው ምስጢሩ ይጠፋል። በወረቀት ላይ ይህ ስሕተት አይታይም። የሚያገኘው የባልንጀራ ጆሮ ብቻ ነው። ከዚያ ያው ሰው እንደ ገና ያዜማል፤ በዚህ ጊዜ የቀሩት ይቀበሉታል፥ ድምፁም ይጸናል።

ማበረታታት ማለት ውዳሴ ማብዛት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሁሉን «ግሩም ነው» የሚል ጉባኤ ከሚሣለቀው ጉባኤ አይሻልም፤ ተማሪው ከሁለቱም ባዶ እጁን ይወጣል። የተሰበረውን ስንኝ ሰውየውን ሳይሰብሩ ማሳየት ራሱ ሊለመድ የሚገባው ጥበብ ነው፤ ስለዚህ ጉባኤውን የሚመራ ሰው ከዜማ ዕውቀት ይልቅ በትዕግሥቱ ቢመረጥ ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም። በየቀበሌው አዳራሽ፥ በየከተማው የወጣቶች ማዕከል አለ፤ ብዙው ግን የመሥሪያ ቤት ሰዓት ሲያልቅ ይቆለፋል፥ ወጣቱም ከሥራና ከትምህርት የሚፈታው በዚያው ሰዓት ነው። ሹማምንት በሳምንት አንድ ማታ ቁልፉ ለማን እንደሚሰጥ ቢወስኑ፥ የየደብሩ አስተዳዳሪም አንድ የዜማ መምህር ወደዚያ ቢልኩ፥ ጉባኤው በሚቀጥለው ሳምንት ሊጀመር ይችላል። መሰንቆና ክራር ያለው ይዞ ይመጣል፤ የሌለው በእጁ ያጨበጭባል።