ለሳቅ ሲሆን ቀሚስ፣ ለራስ ሲሆን ነውር

ቲክቶክ ከፍታችሁ ጥቂት ብትቆዩ አንድ ወንድ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ረከቦት ፊት ቁጭ ብሎ ጎረቤት ሲያማ ታገኛላችሁ። ድምፁን ያቀጥናል፣ ነጠላውን ይጎትታል፣ ዓይኑን ያንከባልላል። እኛም እንስቃለን፤ ለጓደኛም እንልካለን። በትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ልጅ መድረክ ሲወጣም አዳራሹ በሳቅ ይናጣል። አባት ይስቃል፣ እናት ትስቃለች፣ መምህሩም ይስቃል። ማንም ፖሊስ አይጠራም።

አሁን ደግሞ ያው ሰው በሩን ዘግቶ፣ ካሜራ ሳያበራ፣ ማንንም ለማሳቅ ሳያስብ ያንኑ ቀሚስ ለበሰ እንበል። መስታወት ፊት ቆመ። ትከሻው ላይ ጠበበው፤ ወገቡ ላይ ሰፋው፤ እጅጌው አጠረው። እንዴት ቢስተካከል ያምርበታል? ማንን ይጠይቅ? እህቱን? ልብስ ሰፊውን? ሚስቱን?

ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች። ነገር ግን መልሷን ፍለጋ የሚሄድበት መንገድ የሰውን ኑሮ ሊያፈርስ፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

«አገር በጦርነት እየነደደ ስለ ቀሚስ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ኮን ነው፤ ከጋሸና ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዋድላ ወረዳ። ጦርነት ምን እንደሆነ ለእኛ ሰፈር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጦርነቱ ካስተማረን ነገር አንዱ ግን ሰውን በአነጋገሩ፣ በመልኩ፣ በአለባበሱ ፈርጆ እጅ ማንሣት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ነው። ያንን የቀመሰ ሰው ሌላው ላይ ሲደርስ ዝም ሊል አይገባውም።

በመጀመሪያ ስለ ማን እንደማወራ ላስረዳ። የሌላውን ጾታ ልብስ መልበስ የሚወድ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅር አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ ሚስት ያላቸው፣ ልጆች ያሳደጉ ወንዶች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በወር አንድ ቀን ለብሶ የሚያወልቀው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነገር ነው። ቋንቋችን ለእነዚህ ሰዎች ከስድብ በቀር ስም አላወጣላቸውም።

«ይህ ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው ክርክር የተለመደ ነው። እስቲ የራሳችንን ሣጥን እንክፈት።

አፄ ቴዎድሮስ በሥዕል ሲታዩ ሹሩባቸው ነው ቀድሞ የሚታየው። አፄ ዮሐንስ 4ኛም ሹሩባ ነበራቸው። በዚያ ዘመን ሹሩባ የጀግና ምልክት ነበር። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰውም ጆሮው ላይ ጉትቻ ያደርግ ነበር። ዛሬ ሹሩባ ተሠርቶ ጉትቻ ያደረገ ወጣት በኮን አስፋልት ቢያልፍ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ጌጡ ያው ነው፤ የተለወጠው የእኛ ዓይን ነው።

ቀሚስ የሚለውን ቃልስ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ካህኑ የሚለብሰውም ቀሚስ ነው የሚባለው። በገና ሌሊት ላሊበላ የሄደ ሰው ቀሚስ የለበሱ፣ ነጭ የተጎናጸፉ ወንዶች ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ አይቶ «ሴት መሰሉ» አይልም። ነጠላውም የጋራ ነው፤ የሚለየው አለባበሱ ነው። እኛ ደጋ ላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወንዱም ሴቱም ጋቢ ተከናንቦ ሲሄድ ከኋላ ሆኖ ለመለየት ይቸግራል።

ቴአትራችንም እንዲሁ ነው የጀመረው። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ሴቶች መድረክ ላይ እስኪወጡ ድረስ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። በዛር ቤትም ወንድ ዛር የያዛት ሴት የወንድ ልብስና መሣሪያ ትጠይቃለች፤ ሴት ዛር የያዘው ወንድ ደግሞ የሴት ልብስና ሽቶ ይጠይቃል። ቤተሰቡም ገዝቶ ያለብሰዋል። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር የከረመው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ስለዚህ ዓይነቱ የዛር ቤት ሥርዓት በሰፊው ጽፏል። ዛር ይያዝ እያልኩ አይደለም። ዛሩ ሲጠይቅ የሚሰጠውን ሰውየው ራሱ ሲጠይቅ ለምን ይነፈጋል ነው የምለው።

ሃይማኖቱስ? የዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5ን ጠቅሶ የሚከራከረኝ ሰው አከብራለሁ፤ ትእዛዙ አለ፤ የለም አልልም። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 11 ላይ ደግሞ ከሱፍና ከተልባ እግር የተቀላቀለ ልብስ እንዳይለበስ ታዟል። ያንን የሚጠብቅ ሰው በገበያችን አላየሁም። ጥር 21 ቀን ደግሞ ስንክሳሩ የንጉሥ ዘይኑንን ልጅ ቅድስት ኢላርያን ያስባል። የወንድ ልብስ ለብሳ ወደ ግብፅ ገዳም ገብታ በወንዶች መካከል የመነኮሰች ናት። «እርሷ ለምንኩስና ነው ያደረገችው» ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ግን እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን የመዘነችው ጨርቁን ሳይሆን ልቡን ነው ማለት ነው። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ሚዛን ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ሴት ልጅ ሱሪ ስትለብስ፣ ዛፍ ስትወጣ «ወንዳወንድ» እንላታለን፤ ግማሹ ስድብ ቢሆን ግማሹ ሙገሳ ነው። ወንዱን «ሴታሴት» ስንለው ግን ምንም ሙገሳ የለበትም። ለፈሪ ሰው «ቀሚስ ልበስ» ይባላል። ይህ ስድብ ወንዱን የሚመታ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው ስለ ሴት ያለን ግምት ነው። ወደ ወንድ ልብስ መሄድ ከፍ ማለት፣ ወደ ሴት ልብስ መሄድ መውረድ ሆኖ ይታየናል። እናቱን የሚያከብር ሰው የእናቱ ልብስ ለምን ስድብ እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ደግ ነው።

የሴቷ ሱሪም ቢሆን በቀላሉ አልተፈቀደም። እናቶቻችን ልጆች በነበሩበት ዘመን ሱሪ የለበሰች ሴት ጉድ ትባል ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት በተማሪዎች ተቃውሞ ተረብሾ ፖሊስ እስከ መግባት፣ ዩኒቨርሲቲውም እስከ መዘጋት ደርሷል። ፈረንጁም ከእኛ አይሻልም። በ1800 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ፖሊስ ሴት ያለ ፈቃድ ሱሪ እንዳትለብስ ያወጣው ትእዛዝ ዋጋ እንደሌለው በይፋ የተነገረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ልብስ ሁልጊዜ ሲያጣላ ኖሯል፤ ጠቡ ሲያልፍ ግን ማን ለምን እንደተጣላ እንኳ አይታወስም።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ይቀጣል። ስለ ቀሚስ፣ ስለ ሊፕስቲክ፣ ስለ ተረከዝ ጫማ የሚለው ነገር የለም። ያው ሕግ አንቀጽ 2 ላይ ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል መፍጠር እንደማይችል ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ስለዚህ በቤቱ ቀሚስ የለበሰ ሰው ወንጀለኛ አይደለም። በሩን ሰብሮ የገባውና ፎቶ አንሥቶ የበተነው ሰው ግን በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ክርክር አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የጸጥታ ቢሮ የግብረ ሰዶም ድርጊት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን፣ የሚንቀሳቀሰውም በሕዝብ ጥቆማ እንደሆነ አስታውቆ ነበር። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎችን ስምና ፎቶ እየለጠፉ «ይህ ነው፣ ያዙት» የሚሉ ቪዲዮዎች ተሠራጭተዋል። ሰው ሲጠቁም ማስረጃ ከየት ያመጣል? ከአለባበስ፣ ከአረማመድ፣ ከጸጉር ነው። ልብስ ማስረጃ ከሆነ የሚያመልጥ ሰው የለም።

አሁን ወደዚያች የመስታወት ጥያቄ ልመለስ። ሰውየው እህቱን መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ስልኩን ይጠይቃል። የማያውቀው ሰው በውስጥ መስመር «ፎቶ ላክልኝና ልምከርህ» ይለዋል። ይልካል። በማግሥቱ መልእክቱ ተለውጧል፤ «ብር ላክ፣ አለዚያ ለሚስትህ፣ ለአለቃህ እልከዋለሁ» ሆኗል። ምክር የሚጠይቅበት ደህና ሰው ያጣ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው። ፎቶው ስልኩ ላይ ከቀረ ደግሞ ኬላ ላይ «ስልክህን ክፈት» ሲባል ሌላ መዘዝ አለ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ይህን ይወቅ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ በማሠራጨት ሰውን ማስፈራራትን ወንጀል አድርጎታል፤ እስከ 3 ዓመት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ገንዘቡን መላክ ጥያቄውን አያቆመውም። መልእክቶቹን ሳያጠፉ ማስቀመጥና የሚታመን ጠበቃ ማማከር ይሻላል።

ሌላ መንገድ እንዳለ የአሜሪካኖቹ ታሪክ ያሳያል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እዚያም እንደዚህ የሚለብስ ወንድ ይታሰር፣ ከሥራ ይባረር ነበር። በኒውዮርክ ከተማ ሰው ሠራሽ ጸጉር የምትሸጥ ማሪ የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ሆና ካትስኪል በተባለው ተራራማ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ከፈተች። ባሏም ራሱ ቀሚስ የሚለብስ ነበር፤ ያኔ ሱዛና ይባላል፤ ቦታውም «ካሳ ሱዛና» ተባለ። ባለትዳር የሆኑ፣ ደህና ሥራ ያላቸው ወንዶች ቅዳሜና እሑድ እየመጡ፣ አንዳንዶቹም ሚስቶቻቸውን ይዘው፣ ለብሰው ቡና ይጠጣሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶዎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ላይ ተገኝተው በመጽሐፍ ታትመዋል። ስታዩዋቸው የሚገርማችሁ ተራነታቸው ነው፤ የሰንበቴ ማኅበር ይመስላሉ። ነገሩ ሁሉ የቆመው ሙያውን በምታውቅና በማትስቅ አንዲት ሴት ላይ ነበር።

ምክሩስ ምንድነው? ማንኛውም ልብስ ሰፊ የሚያውቀው ነው። በትከሻ ልክ ግዛ፤ ወገቡ ይጠብባል። ሰፊ ልብስ ማጥበብ ይቻላል፤ ያልነበረ ጨርቅ ግን ከየትም አይመጣም። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው ከወገብ በታች ሰፋ የሚል ቀሚስ ይስማማዋል። የሐበሻ ቀሚስ በመቀነት ስለሚታሰር ከፈረንጅ ልብስ ይልቅ ይቅር ባይ ነው። የ50 ዓመት ሰው እንደ 18 ዓመት ኮረዳ አይልበስ። ጌጥ አታብዛ። ይህ ሁሉ እናት ለልጇ፣ እህት ለእህቷ የምትለው ተራ ነገር ነው። ተራውን ነገር ወደ ጨለማ የገፋነው እኛ ነን።

እንግዲህ ምን እጠይቃለሁ? ሰልፍ ውጡ አልልም። ልማዳችሁን ጣሉ አልልም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ይዞ ይለካ፤ «ለማን ነው?» ብሎ አይመርምር፤ ልክ የወሰደለትን ሰው ስምም ለገበያ አያውጣ። ሚስት ወይም እህት ቀሚሱን ሣጥን ሥር ብታገኘው ከመጮኋ በፊት ትጠይቅ። ሚስት ልታዝን፣ ልትቆጣ ትችላለች፤ መብቷ ነው። ጉዳዩ ግን የሁለቱ ነው፤ የሰፈሩ አይደለም። ፖሊስ አንቀጹን አንብቦ ይንቀሳቀስ። ቀሚስ ለብሳችሁ የምታስቁን ልጆችም የምትለብሱት ልብስ ለሌላው ሰው የእስር ምክንያት እንዳይሆን ብትናገሩ ከማንም በላይ ትሰማላችሁ።

እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ። ሳቁን አልከለክልም። የሳቅንበትን ልብስ በማግሥቱ ዱላ ማንሻ ማድረጋችንን ግን ልንተው ይገባል።

የዋድላ ሰው የቅኔ አገር ሰው ነው። ተማሪው ሰሙ ላይ ቆሞ ቢቀር መምህሩ «ወርቁስ?» ይሉታል። ልብስም ሰም ነው፤ ከሥሩ ሰው አለ። ቀሚሱን ካልወደዳችሁት አትልበሱት፤ የለበሰውን ግን አትንኩት።

ቸር ያሰማን።