«ዳታቤዝ መጋዘን ነው» ለምትሉ

«ዳታቤዝ መጋዘን ነው፤ ሕጉን ኮዱ ይጠብቅ» ማለት በድሬዳዋ ወጣት ፕሮግራመሮች ዘንድ የአዋቂነት ምልክት ሆኗል። መጋዘን! የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. የዳታቤዝን ሪሌሽናል ሞዴል ያቀረበው ጆንያ ለመደርደር ይመስል። ይህን የሚያነበንብ ሰው የሚጽፈው ኮድ ያው ነው፦ ቀሪ ሒሳቡን ያነባል፣ «ይበቃል ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፣ ቀንሶ አዲሱን ቁጥር መልሶ ይጽፋል። በማንበቡና በመጻፉ መካከል ግን ዘብ የለም። 1,000 ብር ካለው ሒሳብ ሁለት ስልኮች እኩል 800፣ 800 ብር ቢጠይቁ ሁለቱም 1,000 ያነባሉ፤ ሁለቱም 200 ብለው ይጽፋሉ። 1,600 ብር ወጥቶ ሠንጠረዡ አሁንም 200 ብር አለ ይላል።

«ሞክረነዋል፣ ይሠራል» ይሉሃል። ብቻህን በላፕቶፕህ ስትሞክረው መቼስ ይሠራል! የደቻቱ ወንዝም በበጋ አሸዋ ነው፤ የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ግን ወንዙን በአሸዋው አይለካውም። መፍትሔው ደግሞ አንድ የአፕዴት ትእዛዝ ነው፦ «ቀሪው ከ800 ካላነሰ 800 ቀንስ»። ሁለተኛው ጠያቂ የመጀመሪያው እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ 200 ያገኛል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ፍጥነት ይቀንሳል? ወረፋ የሚይዘው እዚያው ሒሳብ ላይ የመጣ ብቻ ነው፤ ከዳታቤዙ ጋር ያለው ምልልስም ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። ፍሬምወርኩ ይጠብቀናል? ጃንጎ ረድፍ የሚቆልፍ መሣሪያ አዘጋጅቶ አስቀምጧል፤ ካልጠራኸው ግን አይመጣልህም።

መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ ሄደ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ ያልመለሱ የ567 ሰዎችንም ስም አወጣ። ከወሰዱት መካከል ተማሪዎች ነበሩና አገሩም ስለ ተማሪ ሥነ ምግባር ሲሰብክ ከረመ። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። የሁለት ስልኮች እሽቅድድም ነበር አልልም፤ ለእኔ «ማሻሻያ» የምትለዋ ቃል ትበቃኛለች። ኮድ ሁሌም ይሻሻላል፤ በሞባይል አፑ፣ በዩኤስኤስዲው፣ በኤቲኤሙ ጎን ነገ ሌላ በር ይከፈታል። ሕጉ በየበሩ ከተጻፈ አንዱ በር መረሳቱ አይቀርም። «ቀሪው ከዜሮ በታች አይውረድ» የሚል ገደብ ሠንጠረዡ ላይ ካለ ግን ከየትኛውም በር የመጣን ጥያቄ ራሱ ሠንጠረዡ ይመልሰዋል። ኦቨርድራፍት የተፈቀደለት ደንበኛስ ትለኝ ይሆናል። ጣሪያውን በሌላ ዓምድ ጻፍና ገደቡን ከእሱ ጋር አስተያይ፤ ይህም የአንድ መስመር ሥራ ነው።