ሞያሌ ላይ የሚጠገነውን ሞተር ግዙ

ለሞያሌ–ናይሮቢ መንገድ ቫን ልትገዙ ያሰባችሁ እህት ወንድሞቼ፣ የሞተሩን ጉልበት ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ኮመን ሬይል ሞተር ያለው ገዛሁ። ማርሳቢትን እንዳለፍን ቆመ፤ ውሃ የገባበት የበርሜል ናፍጣ ኢንጀክተሮቹን አበላሽቷቸዋል። ኮምፒውተር ያለው መካኒክ ከናይሮቢ እስኪመጣ ሁለት ቀን በረሃ ላይ ጠበቅን። የጫንኩት ዕቃም ገበያው አለፈው።

እንዲህ ያለው ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዳገትም ይደፍራል፤ አልክድም። ግን ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል። የሃይስ 5ኤል ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ዳገት ላይ ይጎተታል፤ ፖምፓው ግን ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፣ የመንገድ ዳር መካኒክም ይፈታዋል።

ኮሜርስ ስማር የነዳጅ ወጪ ማስላት ተምሬአለሁ። የቆመ መኪናም ወጪ መሆኑን ያስተማረኝ መንገዱ ነው። የትኛውንም ብትገዙ ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ ሳትይዙ አትውጡ።