የበርበሬው ሒሳብ

እስቲ የሰፈራችሁን ሱቅ በርበሬ በኪሎ አስሉት። ባለሱቁ በኪሎ እንደማይሸጥላችሁ አውቃለሁ፤ በትንሿ ላስቲክ ቋጥሮ፣ ይህን ያህል ብር ብሎ ነው የሚያቀብላችሁ። ያቺን ላስቲክ ግን ሚዛን ላይ አስቀምጧትና ወደ ኪሎ ቀይሯት። ከዚያ መርካቶ በርበሬ ተራ ከሚሸጠው ዛላ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱን አይታችሁ ካልደነገጣችሁ ወይ ደሞዛችሁ ጥሩ ነው፣ ወይ ወጥ አትሠሩም።

ላጤነት ውድ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ለመግዛት ያልቻለ በማንኪያ ይገዛል፤ በማንኪያ የሚገዛ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይከፍላል። ስኳሩም፣ ቡናውም፣ ዘይቱም እንደዚያው ነው። በርበሬ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ፤ አንዴ ከተፈጨ ውስጡ ምን እንዳለ አይታይም። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ተያዘ የሚለውን ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ማንም ምንም ባይቀላቅልበት እንኳ፣ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊፈጥር ይችላል። ይሄ መርዝ ደግሞ በማመስ ወይም በማብሰል ተጠርጎ የሚጠፋ አይደለም። ዛላውን ስትገዙ ግን አንዱን ሰብራችሁ ውስጡን ታያላችሁ። የሻገተ ከሆነ ትታችሁት ወደሚቀጥለው ሻጭ ትሄዳላችሁ።

ስለዚህ "ቤታችሁ አዘጋጁ፣ ገንዘብ ትቆጥባላችሁ" የሚለው ምክር ትክክል ነው። የእኔ ጠብ ከሒሳቡ ጋር ነው። ሒሳቡ ላይ የዛላው ዋጋ አለ፣ የቅመሙ አለ፣ የወፍጮው አለ። የሴትየዋ ጉልበት ግን የለም።

የማረቆም ይሁን የሀላባ፣ ዛላው መጀመሪያ አንድ በአንድ ይቀነጠሳል። (አምስት ኪሎ ቀንጥሶ ዓይኑን ያሸ ሰው ምን እንደማወራ ይገባዋል።) ይታጠባል፣ ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ ዝንጅብል ይፋቃል፣ በሶብላና ጤና አዳም ይለቀማል፤ ሁሉም ከበርበሬው ጋር ተወቅጦ ይደለዛል። ታፍኖ ይሰነብታል። እንደገና ይሰጣል። ዝናብ ሲመጣ ተሯሩጦ የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል። ኮረሪማው፣ ድንብላሉ፣ ጥቁሩም ነጩም አዝሙድ ለየብቻ ይለቀማል፣ ይታመሳል። ከዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ በርበሬ ካመሳችሁማ የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ እያስነጠሰ ይረግማችኋል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? እናታችን፣ እህታችን፣ ወይም በቀን ሒሳብ የተጠራች ሴት። ከሦስቱ ገንዘብ የሚከፈላት አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ስንት እንደሚደርሳት ታውቃላችሁ። ዱባይና ዋሽንግተን ለሚሄደው በርበሬ እንኳ አየር መንገዱ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ኪሎውን ይቆጥርለታል። ድካሙን ግን ማንም መዝኖት አያውቅም።

"እናቴ ደስ ብሏት ነው የምታዘጋጅልኝ" የምትሉ ትኖራላችሁ። ሊሆን ይችላል። ግን ደስ ብሏት መሥራቷና በነፃ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግሞ ጠይቃችኋታል?

እኔ የምለው፣ ለብቻችሁ የምትኖሩ ከሆነ ከበርበሬ አትጀምሩ። ከዳጣ ጀምሩ። አንድ ኪሎ ቃሪያ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ በሶብላ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ ጨው። ሙቀጫ ካላችሁ መውቀጥ፣ ከሌላችሁ የጎረቤት መፍጫ መለመን ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፣ የሁለት ሳምንት እንጀራ ያስበላል። ፍሪጅ ከሌላችሁ ግን ለሁለት ቀን የሚሆነውን ብቻ ሥሩ። ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ነገር በዘይት ሸፍኖ ከፍሪጅ ውጪ ማቆየት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ቦቱሊዝም የሚባለው ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚመጣው እንደዚህ ካለ ቦታ ነው። ዘይቱን ስትበሉ ጣል አድርጉበት።

ሰናፍጭ ከዚህም ይቀላል። ፍሬውን ፈጭታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ለውሱት፣ ከድናችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። አፍንጫ የሚሰነጥቀው ኃይሉ የሚወለደው የተፈጨው ፍሬ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው፤ የፈላ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ያንን ኃይል ትገድሉታላችሁ። ሎሚና ዘይቱ በመጨረሻ ነው የሚገባው። አዋዜማ ደህና በርበሬ ካለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይሄን በጠርሙስ ታሽጎ የሚገዛ ሰው ለጠርሙሱ እንደከፈለ ይወቀው።

ካቻፕም አለ። ከውጭ የሚመጣው፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ ከዶላር ጋር አብሮ የሚራመድ ዕቃ ሆኗል። በእሱ ፋንታ ከመቂና ከዝዋይ በኩል የሚመጣው ቲማቲም በረከሰ ሰሞን ከሽንኩርት ጋር አቁላልታችሁ ስልስ ብትሠሩ ለፓስታውም ለእንጀራውም ይሆናል።

በርበሬውን የግድ ካላችሁ በማኅበር አድርጉት። አራት አምስት ጓደኛሞች፣ ክረምቱ አልፎ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ገንዘብ አዋጥታችሁ ዛላ ግዙ። ግቢ ያለው ቤተሰብ ዘንድ ስጡት። ወንዶቹ ገንዘብ አዋጥተናል ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ መቀንጠሱ የእናንተ ነው፣ ወፍጮ ቤት መሰለፉም። የግቢው ባለቤት እናት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጨው አነሰ በዛ ይበሉ፣ ድርሻቸውም ከሁሉም ቀድሞ ይለይላቸው።

ወፍጮ ቤት በጊዜ ሂዱ። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨም ጠይቁ፤ ከበርበሬያችሁ ሁለት ማንኪያ የሰው ሽሮ እንዳታገኙበት።